አባቴ የዓሣውን ትል ያዩ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር ከተማ ዓሣ የምትሸጥልኝ ልጅ ትኩስነቱን ልታሳየኝ ስንጥቡን ፈልቅቃ «ይኸው፣ ደሙ አልጠቆረም» አለችኝ። ስንጥብ ዓሣ የሚተነፍስበት ነው። ያን ቀይ ንብርብር ሳይ ሐሳቤ ሞጣ ደረሰ።

ዘመኑ ደርግ ነው። እኔ የቢቸና ልጅ፣ አሥመራ ባዮሎጂ እማር ነበር። ለክረምት ዕረፍት ስመጣ የቅኔ መምህሩ አባቴ ቁርጡን ነገሩኝ።

«ጦርነት ወዳለበት አትመለሺም። ደግሞስ ምን ልታዪ ነው?»

«ትል» አልኋቸው።

ከምጽዋ ዓሣ ስንጥብ ላይ ለቅሜ በሁለት ስስ መስተዋት መካከል ያጣበቅሁት ጠፍጣፋ ትል ሻንጣዬ ውስጥ ነበረ። ለእኛ አገር ሰው ባሕር በቅዳሴ የሚሰማ ስም ነው እንጂ ማን አይቶት። አባቴ መስተዋቱን ወደ ብርሃን አንሥተው ቢያዩት ነጥብ ብቻ ሆነባቸው።

የቢቸና ትምህርት ቤት ለክረምት ተዘግቷል። ሞጣ ግን ሳይንስ የምታስተምር ጓደኛ ነበረችኝ፤ የማይክሮስኮፑ ቁልፍ በእጇ ነው። አባቴም እዚያ የታመመ ዘመድ ሊጠይቁ አስበው ነበርና አብረን ተነሣን። በጭነት መኪና ጋቢና ተጣብበን፣ ጎማውን ጭቃ ሲይዘው እየወረድን፣ እርጥብ አፈር እየሸተተን ሄድን።

ጓደኛዬ መሣሪያውን መስኮት ሥር አስቀምጣ አስተካከለችልን። አባቴ ጥምጥማቸውን ገፋ አድርገው ጎንበስ አሉ። ቆዩ።

«መንጠቆ አለው።»

«አዎ፣ በኋላው በኩል። በእሱ ነው ስንጥቡን ቆንጥጦ የሚይዘው።»

«ዓሣው ይሞታል?»

«በሰፊው ባሕር እምብዛም። በጠባብ ቦታ ታጉሮ ትሉ ሲበዛበት ግን ይታፈናል።»

ቀና ሳይሉ «ይህን ዐውቀሽ ምን ታደርጊበታለሽ?» አሉኝ።

ዓሣ ስለ ማርባት ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ሆነ። «እንጃ አባባ፤ ማየቱ ደስ ይለኛል።»

ፈገግ አሉ። «እኔም ለቅኔ ከቤት ስጠፋ አባቴ ‹ምን ይበላበታል?› ብለውኝ ነበር። ቁራሽ እየለመንሁ ተማርሁት» አሉና እንደገና አጎነበሱ።

ሂጂ አላሉኝም። ፍልሰታ ነበርና በመልሱ መንገድ ጾማችንን የፈታነው በሽምብራ ቆሎ ነው። ከቆሎው እያካፈሉኝ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ «ትምህርቱ መስከረም ስንት ላይ ይጀመራል?» አሉ።

አሥመራ ተመለስሁ። ፍርሃት አልነበረም አልልም፤ ግን በደኅና ጨረስሁ። ጡረታ እስክወጣም ባዮሎጂ ሳስተምር ኖርሁ። ዛሬ ወላጆች ልጃችን ምን ቢማር ይሻላል ብለው ሲያማክሩኝ፣ ልጁ ራሱ የሚወደውን ቁጭ ብለው አብረውት እንዲያዩ እነግራቸዋለሁ። አባቴ ስለ ትሉ የገባቸው ጥቂት ይሆናል። ያም ሆኖ ጎንበስ ብለው አዩልኝ።