ሽብሩ፣ ቦራክሱና የወፍጮው ማንቬላ

የጊምቢቹው ሽብሩ ዝምታ አልፈጠረበትም። በጃንሆይ ጊዜ ሆሳዕና ገበያ ዳር፣ ወንዙ አጠገብ ማረሻ ሲቀጠቅጥ፣ ከመዶሻው ይልቅ ወሬው ይሰማ ነበር። ያኔ ቀጥቃጭ ይናቅ ስለነበር መሃል ገበያ አይቀመጥም። የእሱ ምኞት ደግሞ እዚያ መግባት ብቻ!

አንድ የገበያ ቀን መሃል ገበያ ያለው የሐጂ ቃሲም ወፍጮ ማንቬላ ቀጭ ብላ ተሰበረች። ሞተሩ የሚነሳው እሷን በማዞር ነው። ከአንጋጫ ሳይቀር እህሉን ጭኖ የመጣ ሁሉ ደጃቸው ላይ ተኮለኮለ። ሽብሩ ሰምቶ ሮጠ።

"እኔ እገጥማታለሁ! አዲስ አበባ ጋራዥ የሚሠራው የሚስቴ ወንድም ቦራክስ ልኮልኛል!"

የሐጂ ድምፅ እንደ ሞተራቸው ነው። "እህህም! ከገጠምካት ወናፍህን እዚሁ ወፍጮዬ ጥግ ትተክላለህ። ካበላሸሃት ግን ጊምቢቹህ ግባ፤ እዚህ ገበያ እንዳላይህ!"

ጉድ ልናይ እሳቱ ድረስ ተከተልነው። ሽብሩ እንደ ወንጌላዊ ይሰብካል፦ "ብረት ሲግል ጥቁር ቅርፊት ያወጣል። በቅርፊቱ ላይ ማጣበቂያው ናስ አይዝም። ይህ ነጭ ዱቄት ግን እንደ ማር ቀልጦ ቅርፊቱን ይበላዋል!" ከጣሳው ዘገነና ስብራቱ ላይ በተነው።

ጧ! ጧ! ጧ! ተንጣጣ። ሰው እየጮኸ ሸሸ። ናሱም እንደ ባቄላ ተንከባሎ ከሰል ውስጥ ገባ።

ሽብሩ ዱቄቱን ቀመሰ። "ጨው! የማን ሥራ ነው?"

ሚስቱ ጣቢታ በነጠላዋ አፏን ያዘች። ያቺ ነጠላ እኮ! ቸርች ውስጥ እንደ እሷ ነጠላ የነጣ የማን ነበር? ስንት አምተናታል!

"የሚሲዮኗ ነርስ በሱ ልብስ ስታጥብ አይቼ..." አለች። "ጣሳው ሲጎድል ጨው ጨመርኩበት።"

"አንቺ ሴትዮ፣ አገር ልታስለቅቂኝ ነው?"

"ቆይ! ለፋሲካ ማጠቢያ ያስቀመጥኩት ንጹሑ አለ!" ብላ በረረች። በደረቀ የእንሰት ቅጠል ቋጥራ አመጣችው።

አሁን ዱቄቱ እንደ ሳሙና አረፋ ኩፍ አለና ወረደ፤ እንደ መስታወት አብረቀረቀ። ናሱን ቢያስጠጋው ሽር ብሎ ፈሰሰ፤ ስንጥቁ ጭልጥ አደረገው! ሽብሩ ትንፍሽ አላለም፤ ያን ጊዜ ነው የፈራሁት።

ማንቬላዋ ስትበርድ ሐጂ "አንተው አዙራት!" አሉት። አዞረ። ዱፍ... ዝም። ደገመ። ዱፍ... ዱፍ... ዱፍዱፍዱፍ! ሴቶቹ እልል!

"ምን ቆመሃል? ወናፍህን አምጣ!" አሉ ሐጂ።

ያንኑ ቀን ወፍጮው ጥግ ተተከለ። በርበሬ ሻጯ እህተማርያም "አንተ፣ ጭስህ በርበሬዬን እንዳይነካ!" አለችው።

"እኔን የሚያስነጥሰኝ በርበሬሽ አይደል እንዴ?"

በዚሁ ሲነታረኩ አረጁ።