መጀመሪያ ምሳ እንብላ

የጥጥ እርሻው ሸለቆውን እየሞላ በነበረበት ዘመን፣ ባሌ አዋሽ ባቡር ጣቢያ የሐዲድ ሠራተኛ ነበር። እኔ ደግሞ ከመልካ ወረር በሚመጣው ጥጥ ፍራሽና ትራስ እሰፋ ነበር።

አንድ ቀን ስታጠብ በግራ ጡቴ ውስጥ እብጠት አገኘሁ። በባቡር ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ መረመረኝና ባሌን ብቻ ለይቶ ጠራው። ተመልሶ ሲመጣ "ምን አለህ?" ብለው፣ "መጀመሪያ ምሳ እንብላ" አለኝ።

በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ በባዶ ሆድ አይነገርም። ችግሩ፣ ሆዴ ከሞላ በኋላም የሚናገር ጠፋ። አዋሽ ስንመለስ ባሌ ዶሮ ገዛ። ሙስሊሟ ጎረቤቴ ሥጋዋን እንደማልበላ ስለምታውቅ ተምር ይዛ መጣችና "አላህ አፊያ ያድርግሽ" ብላ ዓይኗን ጠረገች። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ባሌ ነው። በሕይወቱ አንድ ቀን እሺ ብሎኝ የማያውቅ ሰው፣ ላልኩት ሁሉ "እሺ፣ የኔ እመቤት" ይለኝ ጀመር። ነገሩ መክፋቱን ያወቅሁት ያኔ ነው።

"ጡቴን ሊቆርጡት ነው?" ብዬ አፋጠጥኩት። አለቀሰ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ሰፈሩ ሁሉ የገዛ ገላዬን ጉዳይ ሲያውቅ እኔ ብቻ ልቅር?

ለቀዶ ጥገናው ወደ ሆስፒታሉ ስንመለስ አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ "ለኔ ካልተነገረኝ አልተኛም" አልኩ። ሐኪሙ ወንበር ስቦ ምን እንደሚቆረጥና ለምን እንደሚቆረጥ አስረዳኝ። ፈራሁ፤ ቢሆንም ያወቁትን መፍራት ይሻላል።

"ከዚያስ ዶክተር፣ ቦታውን የሚሞሉበት መላ የለም?"

ባሌ በእፍረት አንገቱን ደፋ።

"በውጭ አገር ከራስ ገላ ወስደው መልሰው የሚሠሩ አሉ" አለኝ ሐኪሙ። "እኛ ጋ ገና ነው። ቁስሉ ሲድን ግን ጡት መያዣ ውስጥ በጨርቅ የተሰፋ ነገር ማድረግ ይቻላል።"

"መስፋቱን ለኔ ይተዉት" አልኩት።

ስድን የመጀመሪያውን ሰፋሁ። ፍሬው የወጣለት የተዳመጠ ጥጥ ስለነበር ቀለለና፣ ገበያ መሃል ስስቅ ወደ አንገቴ ወጣ። ጎረቤቴ በነጠላዬ ሸፋፍና ቤት እስክታደርሰኝ ሁለታችንም በሳቅ ሞትን። ሁለተኛውን ከነፍሬው ሰፋሁት፤ ከበድ አለና ቦታውን ያዘ። ይህን ሰምታ እንደኔ ጡቷን የተቆረጠች አንዲት ሴት ከገዋኔ ድረስ መጣች። መርፌዬን ከማንሣቴ በፊት ሐኪሙ ያለኝን ሁሉ ነገርኳት። "ለኔ እኮ ማንም አልነገረኝም" አለች።

በዓመቱ ለምርመራ ሄድን። አዲሱ ሐኪም መርምሮኝ ሲጨርስ ባሌን "አንዴ ወደዚህ" ብሎ ጠራው።

"ለሷ ይንገሯት" አለ ባሌ። "እኔ ውጭ እጠብቃለሁ።"

ስወጣ ባርኔጣውን በእጁ እየጨመቀ ቆሟል።

"ምን አለሽ?"

"መጀመሪያ ምሳ እንብላ" አልኩት።

ፊቱ አመድ ሲመስል አንጀቴን በላውና "ደህና ነሽ ብሎኛል!" አልኩት ቶሎ ብዬ። ሳቀም፣ አለቀሰም። ምሳውን ግን አልተወውም፤ ሁለት ሰው የማይጨርሰውን አዘዘ።