በሽምግልና የመለስኳት ልጅ

ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናዘዝኩም፤ ለሚስቴም አልነገርኳትም። ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይቺን እየዘለልኩ ኖሬአለሁ። አንተ የምታነበኝ ሰው፣ አትዘንልኝ፤ ዝም ብለህ ስማኝ።

በሁለት ሺህዎቹ መጨረሻ፣ ዳላስ ውስጥ ለስደተኞች ብርድ ልብስ በሚያድል የእርዳታ ድርጅት እሠራ ነበር። ድርጅቱ ብርድ ልብሱን በግድ የተያዘ ሰው እንዳይሰፋው ብሎ ደንብ አወጣ። ብርድ ልብሱን የሚሰፉልንን ሠራተኞች አሠሪው በሌለበት አነጋግሩ፤ የተያዘ ሰው ካገኛችሁ ወዲያው አሳውቁ፣ ፖሊስ ይጠራል አለን። አማርኛ ስለምናገር የፎርት ዎርዙ ስፌት ቤት ለእኔ ተሰጠ። ባለቤቱ ግዛው ነው። አገሬን ለቅቄ ስመጣ ዳላስ፣ ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ካለው አፓርታማው ያስጠጋኝ ግዛው። ሌላ ሰው ይላክ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

ግዛው ከአገር ቤት ያስመጣትን ጽጌን መኪናዬ ውስጥ አስቀምጬ አነጋገርኳት። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ዓይኗን ከስፌት ቤቱ በር ሳትነቅል፣ "ጋሼ፣ ፓስፖርቴን ቀምቶኛል። የማድረውም እዚሁ ነው፤ በሩን ከውጭ ይቆልፍብኛል። እባክዎ ለሚመለከተው ይንገሩልኝ" አለችኝ።

ከዚህ በላይ ምን እንድትለኝ እጠብቅ ነበር? ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። እኔ ግን የበላበትን ወጭት ሰባሪ እንዳልባል ፈራሁ። ገመናችን ፈረንጅ ፊት ይዘረገፋል ብዬ ፈራሁ። እውነቱን ልናገር ካልኩማ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሰው ፊቱን እንዳያዞርብኝ ነው የፈራሁት። ስለዚህ ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ ሄድኩ። ላስታርቅ። እስረኛን ከአሳሪዋ ጋር ማን ያስታርቃል? እኔ አስታረቅሁ።

ግዛው ተቆጣ። "ሶ ምን በደልኳት? ሴፍ እንድትሆን ነው ሎክ የማደርገው፣ ኦኬ? ማለቴ፣ እንደ ልጄ እኮ ነው የማያት" አለ። ሽማግሌዎቹ አዘኑለት። ፓስፖርቱን እመልሳለሁ፣ በሩንም አልቆልፍም ብሎ ቃል ገባ፤ እኛም አመንነው። ከዚያ እኔ፣ ሌላ ማንም አይደለም፣ እኔ፣ "በይ ታላቅሽ ነው፣ ይቅርታ ጠይቂው" አልኳት።

ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመች። ስትነሳ አየችኝ። ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ አሜን አልኩ፤ ለድርጅቱም ችግር የለም ብዬ ሪፖርት አደረግሁ።

በሳምንቱ ብርድ ልብሱን ልረከብ ስሄድ ጽጌ የለችም። ግዛው ሌላ ስቴት ልኳታል፤ የት እንደሆነ ሊነግረኝ አልፈለገም። ያኔስ ተናገርኩ? ብርድ ልብሱን ጭኜ ተመለስኩ። እስካሁን የት እንዳለች አላውቅም።

አንዳንዴ ባገኛት እግሯ ላይ እወድቃለሁ ብዬ አስባለሁ። ግን አላደርገውም። ጽጌ ታላቅ ሰው ሲለምናት እምቢ ማለት አታውቅም፤ ጨዋ አድርገው ነው ያሳደጓት። ያን ቀን የያዝኳትም በዚሁ ጨዋነቷ ነው። ይቅርታ ብጠይቃት ይቅር ትለኛለች፤ እኔም ቀሎኝ ቤቴ እገባለሁ።

አልጠይቃትም። ሁለተኛ አላስገድዳትም።