ለአረፋ የደረሰው አጭሩ ካርድ

ነገሩ ከሆነ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። የአረፋ በዓል ሊደርስ ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። እኔ ሮቤ ውስጥ መጀመሪያ ሬዲዮና ቴፕ፣ ቀጥሎ ቴሌቪዥን፣ በኋላም ኮምፒውተር ስጠግን ያረጀሁ ሰው ነኝ። ያስተማረኝ የለም፤ እየፈታሁና እየገጠምኩ ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት። በእጄ ያለፈው ዕቃ ስፍር ቁጥር የለውም። ይህን አንዱን ግን ባስታወስኩት ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ።

ከሱቄ ጎን ጀማል የሚባል ወጣት ጌም ቤት ከፍቶ ነበር። አዲሱን የኳስ ጌም የሚያጫውት ኮምፒውተር ግን አልነበረውም። ጎባ ያለው ጌም ቤት ስላመጣ፣ የሮቤ ወጣት በሚኒባስ እየተሳፈረ እዚያ ይሄድ ጀመር። የጀማል ቤት ባዶ ሆነ። አከራዩም «ከአረፋ በኋላ ክፍሉን ለፀጉር አስተካካይ እሰጠዋለሁ» አለው። ልጆች ኪሳቸው የሚሞላው በአረፋ ነው። ያን ቀን ቤቱ ካልደመቀ ጀማል ሥራ ሊፈታ ነው፤ የሚስቱ የዘሃራ ወር ደግሞ ገብቷል።

ጀማል ከመሥሪያ ቤት ጨረታ የገዛው አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነበረው። ከፍቼ አየሁት። ፕሮሰሰሩ ደህና ነው። የሚጎድለው ራም እና የጌሙን ምስል ስክሪን ላይ የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ ነው። ገንዘቡ ጥቂት ስለነበር የሚመርጥለት አዋቂ ያስፈልገው ነበር፤ በአካባቢው ደግሞ ያ ሰው እኔ ነኝ። አብረን አዲስ አበባ ገባን።

የኮምፒውተር ዕቃ መሸጫ ሱቅ ስንደርስ ጀማል መስታወት ውስጥ ያለ፣ ሁለት ማቀዝቀዣ ፋን የተገጠመለት አንድ ትልቅ ካርድ ፊት ተተክሎ ቀረ።

«ጋሼ፣ የጎባው እኮ ባለ ሁለት ፋን ነው!»

«ያንተ ብር ለአንዱም ፋን አይበቃም» አልኩት። «ቢበቃስ? ትልቅ በሬ ገዝተህ ገለባውን ከየት ልታመጣ ነው?»

ከቤት ሳንወጣ ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን የፓወር ሰፕላዩን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። አቅሙ ደካማ ነው። ስለዚህ ተጨማሪ የኤሌክትሪክ ገመድ የማይፈልግ፣ ከማዘርቦርዱ በሚያገኘው ኃይል ብቻ የሚሠራ ካርድ ነው የሚያዋጣው። የተረፈው ብር ራም ይገዛል፤ ራም ካነሰ ምንም ዓይነት ካርድ ቢገባ ጌሙ ይንቀጠቀጣል። ይህን ሁሉ ለሻጯ አስረዳኋት። ወጣት ሴት ናት።

«ልክ ነዎት አባቴ፣ ብዙ ሰው ይህን አያውቅም» አለች።

ሱቁ በሰው ተሞልቶ ነበር። ድምፄን ትንሽ ከፍ አደረግሁ።

ያልኳትን ዓይነት ካርድ ሁለት አድርጋ አወጣች። አንዱ ረጅም ነው፣ ሌላው የእሱ ግማሽ ያህላል። ዋጋቸውም ሥራቸውም አንድ ነው። «ኬዙ፣ የኮምፒውተሩ ሳጥን፣ ሰፊ ነው ቀጭን?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ልጄ፣ እኔ ሬዲዮ ስፈታ አንቺ አልተወለድሽም» አልኳት። ዋጋው እኩል ከሆነ ማን አጭሩን ይወስዳል? ረጅሙን አልኩ። እሷም ረጅሙን አንሥታ የሚታሸግበትን ካርቶን አመጣች። ጀማል እስኪያሳሽግ ድረስ እኔ የምበይድበትን ስታኞ ልገዛ ወደ ጎን ሱቅ ገባሁ።

እስከ ሮቤ ድረስ ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ሄድኩ። ጀማል እንዲነካው እንኳ አልፈቀድኩም። ዶዶላ ስንደርስ «ጋሼ፣ አንድ ነገር...» ብሎ ጀምሮ ነበር። ስለ ቮልቴጅ እያስረዳሁት ስለነበር አላስጨረስኩትም። አዳባ ስንደርስም ሞከረ፤ ያኔ ደግሞ ስለ ራም እያስረዳሁት ነበር።

በአረፋ ዋዜማ ከቀትር በኋላ ጌም ቤቱ ውስጥ ካርቶኑን ልከፍት ተቀመጥኩ። የሰፈሩ ወጣቶች ከበቡኝ። ዘሃራም ወገቧን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ከፈትኩት። ውስጡ ያለው አጭሩ ካርድ ነው!

«ጋሼ፣ ግማሹን መንገድ ላይ በሉት እንዴ?» አለ አንዱ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ደሜ ፈላ። «ይቺ ልጅ አታለለችኝ!» ብዬ ደረሰኙ ላይ ወዳለው ስልክ ልደውል ስል ጀማል እጄን ያዘ።

«ይተዉ ጋሼ። እኔ ነኝ ያስቀየርኩት።»

«ምን አልክ?»

«ኬዙን ስልኬ ላይ ፎቶ አንስቼው ነበር። እርስዎ ሲወጡ አሳየኋት። ‹ይህ ቀጭን ነው፣ ረጅሙ አይገባበትም› አለችኝ።»

«ታዲያ እዚያው ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እሷ ናት የከለከለችኝ። ‹ትልቅ ሰው ናቸው፣ እዚህ ሁሉ ሰው ፊት አይሆንም። መንገድ ላይ ቀስ ብለህ ንገራቸው› አለችኝ። መንገድ ላይ ደግሞ እርስዎ መች አስወሩኝ!»

ዘሃራ ሳቋን በሻሿ ሸፈነች።

እንደማይገባ አሳይቼ ላሳፍራቸው ካርዱን አንስቼ ቦታው ላይ አስቀመጥኩት። ቀጭ ብሎ ገባ። ልጅቷ ካርዱን ከኬዙ ጋር የሚያያይዘውን የኋላ ብረት ሳይቀር ለቀጭን ኬዝ በሚሆን አጭር ብረት ቀይራዋለች። ክዳኑን ስመልሰው ካርዱን ለጥቂት አልፎ ተዘጋ። ረጅሙ ቢሆን ኖሮ መጋዝ ያስፈልገኝ ነበር። አዲስ አበባ ተመልሶ ለመቀየር ደግሞ በዓሉ አይጠብቅም።

ራሙን ጨመርኩ፤ ስክሪኑን ካርዱ ላይ ሰክቼ አበራሁት። ጌሙ ተነሣ። የሜዳው ሣር እያንዳንዱ ቅጠል ይታያል። ልጆቹ ጮኹ። ጀማል ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ «አልሐምዱሊላህ» አለ፤ ቀጥሎ «ገለቶማ ጋሼ» ብሎ በኦሮምኛ አመሰገነኝና ትከሻዬን ሳመኝ።

በበዓሉ ዕለት ወረፋው የኔን ሱቅ በር ዘጋው። ከጎባ ተሳፍረው የመጡም ነበሩ። አከራዩ የልጅ ልጆቹን ይዞ መጥቶ እንደማንኛውም ሰው ተሰለፈ። የፀጉር አስተካካዩን ነገር ከዚያ ወዲህ አላነሣውም። ዘሃራም በሳምንቱ በሰላም ተገላገለች።

ካርዱን የመረጥኩት እኔ እንደሆንኩ ማንም እንዲረሳ አልፈልግም። ዓይነቱን፣ ኃይሉን፣ ራሙን በሙሉ እኔ ነኝ ያወቅሁት። እነሱ ያሳጠሩት ቁመቱን ብቻ ነው። ዛሬ ከአጋርፋ ድረስ ሊያማክሩኝ የሚመጡ ወጣቶች አሉ፤ «መጀመሪያ ኬዙን አምጡ» እላቸዋለሁ።

ለሻጯ ልጅ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ በአገራችን የታወቀውን የሪራ ማር ላክሁላት። ማሩን ራሴ ቀምሼ ነው የመረጥኩት፤ በማር ደግሞ ማንም አይስተካከለኝም። ጀማል «አጭር ካርድ ስለሰጠችን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አይደለም። በዚያ በተሞላ ሱቅ ውስጥ አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ ዋጋ አይኖረኝም ነበር። በዕድሜዬ በክርክር ያሸነፍኩት ሰው ብዙ ነው። አሸንፎኝ ሳለ ዝም ያለኝ ሰው ግን እሷን ብቻ ነው የማውቀው።