አማቴ መዝሙር የሰሙባት መኪና

እኔ ነቀምቴ ያደግሁ የጎጃሞች ልጅ ነኝ፤ ባለቤቴ የአርጆ ልጅ ናት። ቤታችን ውስጥ አማርኛና ኦሮምኛው ተቀላቅሎ፣ የቱን እየተናገርን እንደሆነ ራሳችንም አናስተውለውም። አንዲት አሮጌ መኪና አለችን። ቴፕ አላት፤ ግን ጠጠር መንገድ ላይ ስትወጣ የሞተሩ ጩኸት ዘፈኑን ይውጠዋል።

አንድ ቅዳሜ ገበያ ውስጥ የቴፕ ድምፅ የሚያጎላ ያገለገለ አምፕሊፋየር ከነሽቦው በርካሽ አገኘሁ። ሻጩ፣ «ቀጥታ ባትሪው ላይ እሰረው፣ በቃ» አለኝ። ግቢያችን ውስጥ ኮፈኑን ከፍቼ ስጎነበስ ባለቤቴ እጇን እያደራረቀች መጣች።

«ፊውዙስ?»

«የለውም።»

«እንግዲያው እዚህ መኪና ውስጥ አይገባም።»

አባቷ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ልጅ ሳለች፣ በተላጠ ሽቦ ምክንያት መኪናቸው መንገድ ላይ ተቃጥሎ በእግራቸው ቤት ሲገቡ አይታለች። ይህን ስለማውቅ አልተከራከርኳትም።

ሽቦውን በቢላ ጫር ብታደርገው ላዩ ብቻ የመዳብ ቀለም፣ ውስጡ ነጭ አሉሚኒየም ሆኖ ተገኘ። ለአምፕሊፋየር አይበቃምና ጣልነው። ወንድሜ ብየዳ ቤት አለው፤ ከብየዳ ገመድ የተረፈ ወፍራም ቁራጭ ሰጠኝ። ሁለት ፊውዝ፣ አንዱን ለትርፍ፣ ከነማቀፊያው ብቻ ከመለዋወጫ ሱቅ አዲስ ገዛን።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አብረን ጀመርን። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታሁ። ፊውዙን ከባትሪው አንድ ስንዝር ብቻ አርቄ አስገባሁት፤ ገመዱ ብረት ቢነካ ቀድሞ ተቃጥሎ ኤሌክትሪኩን እንዲቆርጥ። ገመዱ ወደ ውስጥ በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ብረቱ እንዳይልጠው ባለቤቴ ከአሮጌ የውኃ ጎማ ቆርጣ አለበሰችው፤ ከዚያ በግራ በኩል ከምንጣፉ ሥር አሳለፍነው። የድምፁን ሽቦ ግን በቀኝ ወሰድነው፤ አንድ ላይ ሲሄዱ ስፒከሩ ያፏጫል። ለአምፕሊፋየሩ ኔጌቲቭ ከወንበሩ ሥር ያለውን ብረት ቀለሙ እስኪለቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ፣ በአጭር ገመድ በብሎን አጠበቅሁት። አምፕሊፋየሩን እዚያው አጠገብ ጣውላ ላይ አሰርነው። «ይግላል፣ ጨርቅ አታልብሰው» አለችኝ። የባትሪውን ኔጌቲቭ መልሰን ቴፑን ስንከፍት ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። ሁለታችንም እንደ ሕፃን ሳቅን።

ከጥቂት ወራት በኋላ አማቴን፣ የባለቤቴን እናት፣ እኛ ጋ እንዲሰነብቱ ልናመጣቸው አርጆ ሄድን። ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል። ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ተቀምጠውም ዘማሪዎቹ አፋቸውን ሲከፍቱ ከማየት በቀር የሚሰሙት ነገር እንደሌለ ይነግሩናል። ስንመለስ ከፊት አስቀመጥናቸው፤ ባለቤቴ ከኋላ ሆና እጇን ዘርግታ የኦሮምኛ መዝሙር ከፈተችና ድምፁን ከፍ አደረገችው።

አማቴ መዳፋቸውን ድምፁ በሚያንቀጠቅጠው በር ላይ አሳረፉ። ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ይኼን መዝሙር እኮ አውቀዋለሁ!»

መዘመር ጀመሩ። ከመዝሙሩ ግማሽ ስንኝ ወደ ኋላ ቀርተው ነበር፤ ግን ቃሉን አልሳቱም። በመስታወት ባለቤቴን ሳያት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች።

ኮረኮንቹ ላይ መኪናዋ አንድ ጊዜ ብትነጥር መዝሙሩ ቀጥ አለ። አማቴ ብቻቸውን ጥቂት ዘመሩና አቆሙ። ወርጄ ኮፈኑን ከፈትሁ። ገመዱን የያዘችው ማሰሪያ ተበጥሳ፣ ገመዱ የባትሪው ማቀፊያ ብረት ጠርዝ ላይ ወድቆ ተልጧል። ፊውዙ ተቃጥሏል። ሌላ የተቃጠለ ነገር የለም፤ ጭስም ሽታም የለም።

ባለቤቴ መጥታ የተላጠውን ቦታ አየች። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ፊውዙ ሥራውን ሠርቷል» አለች። ባትሪውን ፈትተን ቁስሉን በፕላስተር ጠቀለልነው፤ ከመሣሪያ ሣጥኑ ያገኘነውን ቁራጭ ጎማ አለበስነው፤ ከብረቱ አርቀን አሰርነውና ትርፉን ፊውዝ ከተትን። አማቴ በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው፣ «አለቀ ወይ?» እያሉ ያጣድፉናል።

ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ ሰፈራችን ደርሰን የግቢያችን በር ላይ ስቆም የተከፈተው መዝሙር ገና ግማሽ ላይ ነበር። በሩን ከፍቼላቸው እጄን ብዘረጋ፣ «ቆይ፣ ይለቅ» አሉ። ተመልሼ ከጎናቸው ተቀመጥሁ። ሦስታችንም አብረን ዘመርን፤ እሳቸው እንደ ልማዳቸው ግማሽ ስንኝ ከኋላ።