እንግሊዝኛ ተቀየረ የተባለ ጊዜ

ኦክላንድ መሀል ከተማ፣ ላይብረሪው በር ላይ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ነጭ ሽማግሌ ተጣጣፊ ወንበር ዘርግተው ይቀመጡ ነበር። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መሀል ላይ ነው። ዛሬም በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔ ያንን ወንበር ይፈልጋል።

ያኔ የሆቴል ክፍል አጸዳ ነበር። ትምህርቴ ከመሠረተ ትምህርት አላለፈም፤ ፊደል ቆጥሬያለሁ፣ ይኸው ነው። ትልቋ ልጄ አዲስ አበባ እህቴ ጋ ቀርታለች። ሃያ አንድ ዓመት ሳይሞላት ሲቲዝን ካልሆንኩ ጉዳይዋ ለዓመታት እንደሚጓተት ነግረውኛል። ለዚያ ደግሞ ኢንተርቪው አለ፤ ኢንተርቪው ላይ በእንግሊዝኛ ቃለ ጽሕፈት አለ። አልጋ ሳነጥፍም ባስ ስጠብቅም በጣቴ አየር ላይ እጽፍ ነበር።

አንድ ቀን አብራኝ የምትሠራው ጓደኛዬ ወረቀት ይዛ እየሮጠች መጣች።

«ጉድሽን ሰማሽ? እንግሊዝኛ ተቀየረ!»

«ማን ቀየረው?»

«ማን ይቀይረዋል፣ መንግሥት ነዋ! ይኸው፣ ላይብረሪው ጋ እያደሉ ነው።»

ወረቀቱ ላይ ስንት ወር የለፋሁባቸው ቃላት ሌላ መልክ ይዘዋል፤ ግማሹ ፊደላቸው የለም። አመንኩ። አትሳቁብን። እኛ መዝሙሩም፣ ብሩም፣ የሰፈሩም ስም በአዋጅ ሲቀየር ያየን ሰዎች ነን። ጓደኛዬ ሳን ሆዜ ላለች ዘመዷ ኮል አደረገች። «እናንተ ጋስ ታውጇል?» ብትላት፣ ያችኛዋም ደንግጣ «ኧረ እኛ ጋ ገና ነው!» አለቻት።

ቅዳሜ ትንሿን ልጄን ይዤ ወረቀቱን የሚያድሉት ሽማግሌ ጋ ሄድኩ። አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ ግን እንግሊዝኛ ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚጸናው? ጠይቂልኝ።»

«ማሚ፣ ፕሊስ...»

«ጠይቂ አልኩሽ!»

ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲለፉበት «ከመቼ ጀምሮ» ብሎ የጠየቃቸው ሰው የለም አሉ።

«ማሚ፣ መንግሥት አይደለም። ሂ ኢዝ ጀስት ኤ ጋይ» አለችኝ ልጄ።

«እንዲሁ ሰውዬ? ታዲያ ማን ፈቀደላቸው?»

«ኖባዲ።»

ይሄኔ ብሶ ፈራሁ። ድምፅ የሌለው ፊደል ይጣል፣ ከፈረንሳይ የመጣ ቃል በአገር ቃል ይተካ እያሉ፣ ያውም በአደባባይ! ፖሊስ በአጠገባቸው ሲያልፍ እሳቸው ሙዝ እየላጡ ነው። አብሬያቸው ብታይ ፋይሌ ይበላሻል ብዬ የልጄን እጅ ጎተትኩ። እሷ ግን የእህቷን ነገር ሁሉ ዘርግፋ ነገረቻቸው።

ሽማግሌው ተነሱና ወንበራቸውን ለቀቁልኝ። እርሳስ ሰጡኝ። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ እስከ ኢንተርቪዬ ድረስ ያንን የሚጠሉትን አጻጻፍ ራሳቸው አስጠኑኝ። እሳቸው ያነባሉ፣ እኔ ጉልበቴ ላይ እጽፋለሁ፣ ከከተማው ሐይቅ በኩል የሚመጣው ነፋስ ወረቀቱን እንዳይወስድብኝ ትንሿ በክርኗ ትጫንልኛለች። ድምፅ የሌለው ፊደል ላይ በደረስን ቁጥር ይበሳጫሉ።

«ይኼ እዚህ ምን ይሠራል? ሥራ የለውም እኮ!»

«አባባ፣ እባክዎ፣ ልጄ እስክትገባ ይቆይ» እላለሁ። ትንሿ ስትተረጉምላቸው እስኪያስላቸው ይስቃሉ። አንዴ ስሜን በአማርኛ ጽፌ አሳየኋቸው፤ ዝም የሚል ፊደል የለበትም። በቅናት ራሳቸውን ነቀነቁ።

ኢንተርቪው ላይ ያሉኝን ሁሉ ጻፍኩ። አለፍኩ፤ ሲቲዝን ሆንኩ። ትልቋ ልጄም ሃያ አንደኛ ልደቷ ሳይደርስ ገባች።

በሳምንቱ እሷን ወስጄ ለሽማግሌው አሳየኋቸው። እጇን እንደጨበጡ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ያለ አስተርጓሚ እንዲገባኝ ቀስ አድርገው፣ «አሁን አንቺም ይቀየር ማለት ትችያለሽ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፣ እችላለሁ። «ይቀየር» አልኩ በእንግሊዝኛ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው ግን። የሰማ ሰው እንዳለም ዞር ብዬ አየሁ።