በክረምት፣ በእግር ወደ መሰላ

ነሐሴ ውስጥ ነው። ከአዳማ በጠዋቱ ሚኒባስ የተነሳሁት ጭሮ የሚኖረውን ጓደኛዬን ከድርን ለመጠየቅ ነበር። ከድር ልብስ ሰፊ ነው፤ ስኳር ከያዘው ቆይቷል። ባለቤቱ ፈቲያ ደውላ፣ «አንተ የስፖርት አስተማሪ ነህ፤ ምናልባት ይሰማህ ይሆናል» አለችኝ። «ሐኪሙ በየቀኑ ተራመድ ብሎታል። በበጋ ፀሐዩ ከረረ ይላል፣ በክረምት ጭቃ ነው ይላል። ነኢማም እሱን እያየች ቤት ውስጥ ቀረች።» ነኢማ የአሥር ዓመት ልጃቸው ናት።

ወደ ጭሮ

ከመተሐራ ጀምሮ ሙቀቱ ያፍን ነበር። ሚኤሶ ስንደርስ ቀትር ሆኗል። ውሃ ልገዛ ስወርድ ልጆች ከግራር ሥር ተጋድመዋል፤ ኳሳቸው አጠገባቸው ናት።

«ለምን አይጫወቱም?» አልኳት ሻጯን።

«ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ና፣ ታያቸዋለህ። አሁን እኔስ ከዚህ እነሳለሁ?»

ዳገቱን ስንያያዘው አየሩ ቀዘቀዘ። ጭሮ መግቢያ ላይ ዝናብ ተቀበለን። ባጃጁ ጭቃውን እየረጨ ከድር በር ላይ አደረሰኝ።

ጭሮ

በማግስቱም ዘነበ። ከድር በረንዳው ላይ የስፌት መኪናውን ይዞ ተቀምጦ ሱሪ ይሰፋል። ነኢማ ከጎኑ ብጥስጣሽ ጨርቅ ትለያለች።

«እግሬ ቀኑን ሙሉ ፔዳል ይረግጣል» አለኝ እየሳቀ። «ከዚህ በላይ ስፖርት አለ?»

«ወንበር ላይ ተቀምጠህ?»

ፔዳሉን መርገጡን ቀጠለ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ የሰፈሩ ልጆች ከየቤቱ ወጥተው በኩሬው መሐል ይሯሯጡ ጀመር። ነኢማ ተነስታ አባቷን አየችው።

«ብርድ ይመታሻል» አላት። ተመልሳ ተቀመጠች። አልተከራከረችም፤ የለመደችው ነገር ነበር።

የመሰላ መንገድ

ቅዳሜ የከድርን እናት ልንጠይቅ ከድር፣ ነኢማና እኔ በመኪና ወደ መሰላ ተነሳን። ፈቲያ ተምር በፌስታል ቋጠረችልን። ግራና ቀኙ ማሽላና የጫት ማሳ ነው። ዳመናው ተገልጧል፤ መንገዱ ግን አልደረቀም። ከተማው ሊታይ ሲቃረብ መኪናችን ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ገፋን፣ አልወጣም። ሾፌሩ እጁን በሣር እየጠረገ፣ «የቸኮለ በእግሩ ይሂድ» አለ።

ከድር ወደ ሰማይ አየ፣ ወደ ጭቃው አየ። ከዚያ ጫማውን አውልቆ በእጁ ያዘ።

ነኢማ ቀድማ ሮጠች። ብዙም ሳትርቅ አዳለጣትና በቂጧ ተቀመጠች። ሊቆጣኝ ነው ብላ ዞር ስትል አባቷ ሆዱን ይዞ ይስቃል። እሷም ሳቀች። ከዚያ በኋላ እሷ ትሮጣለች፣ እሱ ደግሞ ሊደርስባት ረጅም ረጅሙን ይራመዳል።

አንድ ዳገት አጋማሽ ላይ የከድር ድምፅ ጠፋ። ቀድማ ያየችው ነኢማ ናት።

«አባ፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል!»

ግንባሩን ላብ አጥምቆታል። ድንጋይ ላይ አስቀመጥነው። ተምሩን አንድ በአንድ አጎረሰችው። ስኳሩ ወርዶ ነበር፤ ጠዋት መድኃኒቱን ወስዶ ሻይ ብቻ ነበር የጠጣው። እኔ በበኩሌ ደንግጫለሁ፤ እንመለስ አልኩ። ከድር ጥቂት ትንፋሹን ሰብስቦ፣ «ወላሂ አልመለስም። ቀስ ብለን እንሂድ» አለ። ነኢማ ከዚያ ወዲያ አልሮጠችም። እጁን ይዛ በእሱ ርምጃ ሄደች።

እናቱ በር ላይ ነበሩ። የልጃቸውን እግር እስከ ጉልበቱ በጭቃ ተለውሶ ሲያዩ በኦሮምኛ «ሚላን?» አሉ፤ በእግርህ? ማለታቸው ነው። ውሃ አምጥተው ሊያጥቡት ጎንበስ ሲሉ ከድር ከለከላቸው። ነኢማ አጠበችው።

መልስ

ሰኞ አዳማ ገባሁ። የከሰዓቱ ሙቀት የሰፈራችንን ሜዳ ባዶ አድርጎታል። ለዓመታት ልጆችን ለብቻቸው አሰልፌ ሩጡ ስል ኖሬያለሁ። ከዚህ ጉዞ የተረዳሁት ልጅ ዝናቡንም ፀሐዩንም የሚለካው በራሱ ቆዳ ሳይሆን በወላጁ ፊት መሆኑን ነው።

መስከረም ሲቃረብ ፈቲያ ደወለች።

«ዛሬስ ወጥቷል?» አልኳት።

«ትናንት አልወጣም፤ ከባድ ዝናብ ነበር። ከትናንት ወዲያም ሰነፈ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም እያካፋ ነው። በርበሬ እየቀነጠስኩ ቀና ስል ሁለቱም የሉም። ጫማቸውም የለም።»